ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና ኪስ ውስጥ የምትገባው የእጅ ባትሪ

በነቀምት ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ቢሉ ቻርጅ የሚደረጉ ትናንሽ የእጅ ባትሪዎች በየመደርደሪያው ያገኛሉ። አንዱ ሣጥን 10,000 ሉመን ይላል፣ ከጎኑ ያለው 100,000። ውስጡ ላለው ድንጋይ 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት ተጽፎለታል። ባለሱቁ «አዴ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ይዩት» ብሎ ሲያበራው የሱቁ ጣሪያ ነጭ ይሆናል። ሊገዙ የመጡት እናትም ካዩት ሁሉ በጣም ያበራውን መርጠው፣ ዋጋ ተከራክረው፣ ከፍለው ይሄዳሉ። የገዙት ግን የዚያችን ደቂቃ ብርሃን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልጅ ታሞባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጡ ይኸው ባትሪ ምን ያህል እንደሚያበራ ሣጥኑም ባለሱቁም አልነገሯቸውም።

የኪስ ባትሪ የሚመዘነው እስኪነጋ ድረስ በምን ዓይነት ብርሃን እንደሚዘልቅ ነው። ይህን ደግሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በወረቀትና በእርሳስ ማስላት ይቻላል፤ የአራተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ይበቃል። ስሌቱን ያወቀ ገዢ ሣጥኑ ላይ በታተመ ቁጥር አይታለልም።

ወለጋ ውስጥ ይህ ዕቃ የቅንጦት አይደለም። ነቀምት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ከአዲስ አበባ 9 ደቂቃ ያህል ዘግይታ። ደምቢ ዶሎ ላይ ደግሞ 16 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ግን ድንግዝግዙ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ወዲያው ይጨልማል። ክረምቱም ረጅም ነው። በነቀምት ዙሪያ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጨረቃ ብትኖርም ደመናው ይሸፍናታል።

ኤሌክትሪክ የሚመነጨው እዚሁ አጠገባችን ነው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ያለው የፊንጫ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአገር ሲያበራ ኖሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ያንን ኃይል በምሰሶና በሽቦ ዝናቡንና መብረቁን አሳልፎ እስከ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ ቤቶች ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ ወይም ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። መስመሩ ከናካቴው ያልደረሰባቸው ቀበሌዎችም ብዙ ናቸው።

በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ የሚያድር ገበሬ የዱር አሳማና ጃርት ይጠብቃል። በመኸር ወራት አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ዘብ ያስፈልገዋል። ማኅሌት የሚቆም ሰው በውድቅት ይነሣል፤ አዋላጅ ነርስ መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ሁለት እጇን ሥራ ላይ አድርጋ ማየት አለባት። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለነገ ፈተና ያነባል፤ የባጃጅ ሹፌር መንገድ ዳር ጎማ ይቀይራል። የሁሉም ፍላጎት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለዚህ ነው «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የማይገኘው።

እስቲ ዕቃውን እንፍታው።

ከፊት በኩል መስተዋቱን አሻግረው ቢያዩ መሐል ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ቢጫ ነጥብ አለች። ኤል ኢ ዲ የሚሏት እርሷ ናት። ቢጫ የምትመስለው የተቀባችው ዱቄት ቢጫ ስለሆነ ነው። ከዱቄቱ ሥር ያለችው ቁራጭ የምትሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ዱቄቱ ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጣል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ። በደንብ የሚያበራ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ መሥራት ለብዙ ዓመታት አልሆን ብሎ ነበር። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ስለተሳካላቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሽልማቱ ይገባቸዋል፤ ኩራዝ ከብዙ የገጠር ቤት የወጣው በእነርሱ ሥራ ነውና። የድሮው ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ብርሃን የሚሰጠው ክሩን አግሎ ስለነበር ከኃይሉ አብዛኛው በሙቀት ይባክን ነበር። የዛሬው ኤል ኢ ዲ ማስተካከያ ሰሌዳው የሚበላበት ጭምር ታስቦ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ይህችን 100 ያዟት፤ ለስሌቱ ትፈለጋለች።

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላ የሚለካበት ነው። ሻማ 12 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ኩራዝም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የስልካችን መብራት 50 ሉመን አካባቢ ነው። ስለዚህ 100 ሉመን ሲባል ትንሽ መስሎ አይታያችሁ፤ የጭቃ መንገድ ለመሄድ ከበቂ በላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ ቢያንጸባርቁት አንድ ክፍል ያበራል።

ከኤል ኢ ዲው ጀርባ ትንሽ ክብ ሰሌዳ አለች። ከድንጋዩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ መጥና ለኤል ኢ ዲው የምታቀብለው እርሷ ናት። ሰው አያያትም፤ ሣጥኑም ስለ እርሷ ምንም አይልም፤ ጥሩውን ከመናኛው የምትለየው ግን እርሷ ናት። የሊቲየም ድንጋይ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ እየተጠቀምንበት ሲሄድ ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። ጥሩ ሰሌዳ ያለው ባትሪ ቮልቱ ሲወርድም ብርሃኑን በአንድ ደረጃ አጽንቶ ያቆየዋል፤ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ዝቅ ወዳለ ብርሃን አውርዶ ያስጠነቅቃል። ርካሹ ባትሪ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለውም፤ ወይም ያለው ለስሙ ነው። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሱቅ ውስጥ ጣሪያውን ያበራው ዕቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ እግርን እንኳ በቅጡ አያሳይም።

ከሰሌዳዋ ቀጥሎ ድንጋዩ አለ። ከሁሉ የተለመደው 18650 የሚባለው ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 65 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ መጨረሻው 0 ክብ መሆኑን ያሳያል። ከእርሱ የሚያንሰው 14500 ከተለመደው ትንሽ ድንጋይ ጋር በቁመትም በውፍረትም እኩል ነው፤ ተለቅ ያለው ደግሞ 21700 ይባላል። የሊቲየም አዮን ድንጋይን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ድንጋዩ ጀሪካን ነው፤ ሉመን ደግሞ የቧንቧው አከፋፈት። ቧንቧውን ሰፋ አድርጎ የከፈተ ቶሎ ይጨርሳል፤ በጥቂቱ የከፈተ ያቆያል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ከሌለው በላይ ግን ማንም አይቀዳም። እውነተኛ 18650 ድንጋይ 3,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል እንበል፤ ይህ 3 አምፒር ሰዓት ነው። በአማካይ ቮልቱ በ3.6 ሲባዛ 10.8 ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ዋት 100 ሉመን የሚሰጥ ከሆነ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ሁሉ 1,080 ሉመን ሰዓት ነው። በ100 ሉመን ቢያበሩት 10 ሰዓት ከግማሽ በላይ ይቆያል፤ ከምሽት እስከ ንጋት ማለት ነው። በ500 ሉመን 2 ሰዓት፣ በ1,000 ሉመን አንድ ሰዓት። ከዚህ የሚያመልጥ የለም።

ይህን ይዘው ወደ ሣጥኑ ይመለሱ። «10,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት» ይላል። ሲባዛ 100,000 ሉመን ሰዓት ይሆናል፤ ለ100 ሲካፈል 1,000 ዋት ሰዓት። ይህን ለመያዝ ከ90 በላይ 18650 ድንጋዮች ያስፈልጋሉ፤ በአንድ ኪስ አይደለም በአንድ ሰው ኮት ኪሶች ሁሉ አይገቡም። 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለውም እንዲሁ ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩ እውነተኛ ድንጋዮች ከ3,600 እምብዛም አያልፉም። ከዚያ በላይ የተጻፈበት ድንጋይ አቅሙ 9,900 አለመሆኑ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ ብዙ ጊዜ 1,500ም አይሞላ ይሆናል። ስለ ልጣፉ የዋሸ አምራች ስለ ውስጡ ለምን ይጠነቀቃል?

ድንጋዩ ከባትሪው ተለይቶ የሚወጣ ከሆነ ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል። ጤነኛ 18650 ከ45 እስከ 48 ግራም ገደማ ይመዝናል። 30 ግራም ብቻ የሆነው ውስጡ ከፊሉ ባዶ ነው። ወርቅ ቤት ያለችው ትንሿ ሚዛን ለዚህ ትበቃለች፤ ለምነው ቢያስመዝኑ አይከለክሉዎትም። ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥተው አዲስ ልጣፍ የተጠቀለለላቸው ድንጋዮችም ገበያ ላይ አሉ፤ ክብደታቸው ትክክል ስለሚሆን እነዚህን ሚዛን አይለያቸውም። የሚለያቸው ቻርጅ አድርጎ ስንት ሰዓት እንደሚያበሩ ማየት ብቻ ነው።

ሐቀኛ አምራቾችም ቢሆኑ ቁጥራቸው ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተሻሉት ዕቃዎች የሚለኩት እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በወጣው ኤፍ ኤል 1 በሚባለው መመዘኛ ነው። በዚህ መሠረት ሉመኑ የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው፤ «የሚቆይበት ጊዜ» የሚባለው ደግሞ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ነው። እንግዲህ «1,000 ሉመን፣ 4 ሰዓት» የተባለው ባትሪ አራት ሰዓት ሙሉ 1,000 ሉመን አይሰጥም። ለጥቂት ደቂቃ 1,000 ሰጥቶ፣ አካሉ ሲግል ራሱን ወደ 300 አውርዶ፣ ከዚያ ወደ 100 ይወርዳል። መውረዱ ለጤናው ነው፤ 10 ዋት በአውራ ጣት ስፋት አካል ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ሙቀት ይሆናል፤ ካልወረደ እጅ ያቃጥላል፣ ድንጋዩንም ይጎዳል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ይተዉና መካከለኛው ደረጃ ስንት ሉመን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓትም እንደሚቆይ ይመልከቱ። በየቀኑ የሚኖሩበት ብርሃን ያ ነው።

ሉመን የማይናገረው ሌላ ነገር አለ፤ ብርሃኑ የት እንደሚሄድ። ያው 300 ሉመን በጥልቅና ሰፊ አንጸባራቂ ሲሰበሰብ ቀጭን ሆኖ ሩቅ ይሄዳል፤ ሸካራ ወይም ጥልቀት የሌለው አንጸባራቂ ውስጥ ሲሆን ሰፍቶ አጠገብን ያበራል። የጨረሩ ኃይል የሚለካው በካንዴላ ነው። ጨረሩ የሚደርስበት ርቀት በሜትር የካንዴላው ቁጥር ስኩዌር ሩት በ2 ተባዝቶ ይገኛል፤ 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። «ደረሰ» የሚባለውም ቦታው ሙሉ ጨረቃ የምታበራውን ያህል፣ 0.25 ሉክስ፣ ሲያገኝ ነው፤ ነገር መኖሩ ይታያል እንጂ ምንነቱ አይለይም። የሰውን ፊት ለመለየት ከሚፈልጉበት ርቀት ሁለትና ሦስት እጥፍ የተጻፈበትን ይያዙ።

ማማ ላይ ለሚያድረው ገበሬ ቀጭኑ ጨረር ይሻለዋል፤ ከበቆሎው ማሳ ዳር ያለውን እንቅስቃሴ ማየት አለበት። ለአዋላጇ፣ ለተማሪው፣ ለባጃጅ ሹፌሩ ግን ቀጭን ጨረር ቅርቡን አንጸባርቆ ዓይን ያውራል፤ ለእነርሱ ሰፊው ነው። በመንገድ ለሚሄድ ሰው መሐሉ ጠንከር ያለ፣ ዙሪያውም የሚታይ ድብልቅ ጨረር ይስማማል። ሱቅ ውስጥ በአንድ ክንድ ርቀት ግድግዳው ላይ አብርተው ቢያዩት ልዩነቱ ይታወቃል። የፊቱን መስተዋት እየሳቡ የሚያጠቡትና የሚያሰፉት ዓይነት ሁለቱንም ይሠራል ይባላል፤ እኔ ግን ለወለጋ ክረምት አልመክረውም፤ በተሳበ ቁጥር አየርና እርጥበት ያስገባል።

ስለ ክረምት ካነሣን ውኃ የመቋቋም ምልክት አይታለፍ። አይ ፒ ኤክስ 4 ማለት ከየትም ቢረጭበት ይችላል ማለት ነው፤ አይ ፒ ኤክስ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ አይገባበትም። ለዝናብ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ጎርፍ ለሚያቋርጥ ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ምልክቱ ግን ይታተማል እንጂ አይፈተንም ይሆናል፤ ስለዚህ ክዳኑን ፈትተው ጥርሱ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩን ይዩ። የሌለው ባትሪ ምንም ቢጻፍበት ውኃ ይገባበታል። ቀዩ አፈራችን ጥርሱ መሐል ከገባ ቀለበቱን ይቆርጠዋል፤ አልፎ አልፎ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ላምባና ቤንዚን አያስነኩት።

ጉም ሌላ ፈተና ነው። ነቀምት ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በክረምት ማለዳና ማታ ጉሙ መሬት ላይ ይተኛል። ባትሪ በዓይን ትክክል ከያዙ ብርሃኑ ከጉሙ ጠብታዎች ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባና ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ወገብ ላይ ዝቅ አድርገው ወደ መሬት አዘንብለው ቢይዙት መንገዱ ይታያል። ራስ ላይ የሚታሰረው መብራት ሁለት እጅ ነጻ ስለሚያደርግ ለጥገናና ለማዋለድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ከዓይን ትክክል ስለሚሆን ግን በጉም ያስቸግራል።

የብርሃኑ ቀለምም ይመረጣል። ወደ ሰማያዊ ያደላው፣ 6,500 ኬልቪን የተባለው፣ ሱቅ ውስጥ የበለጠ ያበራ ይመስላል። ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለው ግን ቀዩን አፈር፣ ቡናማውን ሥርና ቅጠል መሐል የተጋደመውን እባብ ለይቶ ያሳያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ ከሱቁ ውጭ ሣርና አፈር ላይ አብርተው ያወዳድሩ።

የቻርጁ ነገር ረዘም ያለ ወሬ ይፈልጋል፤ ብዙ ባትሪ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ጀርባው ላይ ሁለት ጥርስ ያለው፣ በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ አለ። ውስጡ ብዙ ጊዜ 4 ቮልት የሆነ የእርሳስና የአሲድ ድንጋይ ነው፤ ኬሚስትሪው ከመኪና ባትሪ አንድ ነው። ይህ ዓይነቱ ባዶውን ሲሰነብት ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርና ቻርጅ መቀበል ያቆማል። መብራት ለሳምንት ሲጠፋ ባትሪው የሚያልቀውና ባዶውን የሚቀመጠው በዚያው ሳምንት ነው፤ በጣም በሚያስፈልገን ጊዜ ተጠቅመንበት በዚያው ጊዜ እንገድለዋለን። ኬንያ ገበያ ላይ የሚሸጡ የኤል ኢ ዲ የእጅ ባትሪዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎችም አብዛኞቹ ገዢዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ብልሽት እንደገጠማቸው አግኝተዋል።

አደጋም አለበት። ብዙዎቹ የ220 ቮልቱን ኃይል የሚቀንሱት በትራንስፎርመር አይደለም፤ በአንዲት ካፓሲተር ነው። እንዲህ ሲሆን የባትሪው ውስጥ ከግድግዳው ኃይል ፈጽሞ አልተለየም። ተሰክቶ ሳለ አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ከተጋለጠ የሚነካው ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ልጆች ባሉበት ቤት፣ እርጥብ እጅ በማይጠፋበት ማዕድ ቤት ይህን ዓይነት ባትሪ ባያስገቡ እመርጣለሁ። ያለዎት ከሆነ ተሰክቶ ሳለ አያብሩት፣ አይንኩት።

በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገው ከዚህ ሁሉ ያድናል። 5 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ በስልክ ቻርጀር፣ በፓወር ባንክ፣ በመኪና፣ ገጠር ቤት ጣሪያ ላይ ባለችው ትንሽ ሶላርም ይሞላል። መብራት ሲጠፋ በሌላ መንገድ መሙላት መቻሉ ለእኛ ከሉመን ሁሉ ይበልጣል። ታይፕ ሲ ያለው ከሆነ የዛሬ ስልክ ገመድ ይሆነዋል፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንዳንድ ርካሽ ባትሪዎች ቀዳዳው ታይፕ ሲ ቢሆንም ቻርጀሩ ኃይል እንዲልክ የምታሳውቀው ትንሽ ሬዚስተር ተቆጥባባቸዋለች። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰኩ ምንም አይገባቸውም፤ አንዱ ጫፍ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ግን ይሠራሉ። ተበላሽቷል ብለው ከመጣልዎ በፊት ገመዱን ይቀይሩ።

ድንጋዩ የሚወጣ ይሁን የማይወጣ? እኔ የሚወጣውን እመርጣለሁ። የሊቲየም ድንጋይ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልቶ ባዶ ከሆነ በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚወጣ ከሆነ ድንጋዩን ብቻ ገዝተው ባትሪውን ለዓመታት ይጠቀማሉ፤ ካልወጣ ሁሉም አብሮ ይጣላል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ተወዷል፤ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ለማንም አይጠቅምም። መለዋወጫ ድንጋይ የሚይዝ ሰው ግን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ አይክተተው፤ ሁለቱን ጫፍ ብረት ካገናኛቸው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። በትንሽ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይያዝ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካለዎትም መለዋወጫ ድንጋዩን በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው ይንገሩት፤ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ በሚገባ ሻንጣ መላክ ክልክል ነው።

ማብሪያውን ሳይሞክሩ አይግዙ። በአንድ መጫን የሚበራ፣ መጀመሪያ ዝቅ ባለው ብርሃን የሚጀምር ጥሩ ነው። ጨለማ የለመደ ዓይን ኃይለኛ ብርሃን ከነካው ወደ ልምዱ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ለማጥፋት ሲጫኑት በብልጭ ድርግም ውስጥ የሚያልፈውን ግን ይተዉት፤ በተለይ እዚህ። በሥጋት ዓመታት ውስጥ ያለፈ ሕዝብ ሌሊት ብልጭ የሚል ነገር ሲያይ በበጎ አይተረጉመውም። ኬላ ላይ ወይም ሰፈር ጠባቂ ሲያስቆምዎም ብርሃኑን ወደ መሬት ያድርጉ፤ ወደ ሰው ፊት አያብሩ፤ ቆመው ሰላምታ ይስጡ።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ለሚበቃው ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የአሉሚኒየም አካል ያለው፣ አንድ የሚወጣ 18650 ድንጋይ የሚይዝ፣ በዩኤስቢ የሚሞላ፣ ድብልቅ ጨረር ያለው፣ 100 ሉመን ገደማ የሆነ መካከለኛ ደረጃና ከ10 ሉመን የማይበልጥ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው፣ የጎማ ቀለበት ያለው። ኪስ ላይ የሚይዝ ክሊፕ ካለው ጋቢም ኮትም ላይ ይቆማል። ጀርባው ማግኔት ከሆነ ደግሞ ባጃጁ ብረት ላይ ተለጥፎ ሁለት እጅ ነጻ ያደርጋል። 1,000 ሉመን ከቻለ መልካም፤ ባይችልም ምንም አይጎድልብዎትም።

ቤት እንደገቡ ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት። ማታ በመካከለኛው ደረጃ አብርተው ጠረጴዛ ላይ ያቁሙትና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ እንደገና ይጻፉ። በመካከል ያለውን ሰዓት በትንሽ ወረቀት ጽፈው በፕላስተር አካሉ ላይ ይለጥፉት። በዓመቱ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ እንደዚሁ ይድገሙት፤ ሰዓቱ ወደ ግማሽ ወርዶ ካገኙት ድንጋዩን ይቀይሩ። ያረጀውን ወደ እሳት አይጣሉት፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጡት።